ጎግል ላይ በአማርኛ ስጽፍ መልስ የማላገኘው ለምንድነው?

ኡሙ ሀያት (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም።

እኔ ደሴ ሆጤ አካባቢ የምኖር የቤት እመቤት ነኝ። ወንዱ ልጄ አዲስ አበባ ነው፣ ሴቷ ጅዳ ናት። አንድ ነገር በጠየቅኳቸው ቁጥር «እማ፣ ጎግል አድርጊው» ይሉኛል። ስልኩን ገዝተውልኛል፣ ዳታውንም ይሞሉልኛል፣ አላህ ይስጣቸው። ግን ጽፌ ጽፌ የሚመጣልኝ ሌላ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዱ የቡና ንፍሮ ነው። ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስሄድ ሽምብራው ቶሎ ይበስላል። ከዚያው ጆንያ ተሰፍሮ የመጣው ሽምብራ እኔ ቤት እሳት ላይ ይውላል። ከሰሉ ያልቃል፣ ሽምብራው ግን እንደ ደረቀ ነው። «ንፍሮ ደሴ ላይ ለምን አይበስልም» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ የንፍሮ አሠራር ቪዲዮ ነው።

ሁለተኛው ማሽላ ነው። ወንድሜ ከሐርቡ የላከልኝ ማሽላ ነቅዟል። ጎረቤቴ «ኪኒን አለ፣ ጆንያው ውስጥ ጣል አድርጊበት» አለችኝ። ጆንያው ያለው ደግሞ የልጄ ልጅ የሚተኛበት ክፍል ነው። ልቤ አልወደደውም፣ አልገዛሁም። «ቤቴ ያስቀመጥኩት ማሽላ ነቀዘብኝ ምን ላድርግ» ብዬ ጎግል ላይ ብጽፍ መድኃኒት ሻጮች ናቸው የተደረደሩት።

ሰው መጠየቅ አልጠላም። ግን ለትንሹም ለትልቁም የሰው ፊት ማየት ይከብዳል። በራሴ ፈልጌ ማግኘት እፈልጋለሁ። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የእንግሊዝኛ ፊደል አነባለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። እናንተ እንዴት ነው የምትፈልጉት?

ናቲ ወልዲያ

እናቴ፣ ለምን ይደክማሉ? አሁን ሰው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው የሚጠይቀው። እንደ ሰው ያወራዎታል። ማይኩን ተጭነው በድምፅዎ መጠየቅም ይችላሉ።

የኮፒ ቤቱ

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። አብሽሪ፣ የሚቻል ነገር ነው።

እኔ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ሰው ፎርም ሊያስሞላ ይመጣና «እስቲ ይቺንም ጎግል አድርግልኝ» ይለኛል። የመኪና ዕቃ ነው፣ የበሽታ ስም ነው፣ የአረብ አገር ሥራ ነው። የሰው ጥያቄ ሲጻፍ የት ላይ እንደሚበላሽ በየቀኑ አያለሁ። ያንቺ ሁለቱም ጥያቄዎች በጣም ጥሩ ናቸው። መልስ ያጣሽው ጥያቄው ከፍቶ አይደለም፣ የተጻፈበት መንገድ ነው።

ጎግል አዋቂ ሰው አይደለም። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1998 በፈረንጆች አቆጣጠር ኩባንያውን ሲያቋቁሙ የያዙት ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ገጾች እየዞረ የሚሰበስብ፣ የትኛው ቃል የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ የሚመዘግብ፣ ከዚያ ሌሎች ገጾች በብዛት የጠቆሙትን ወደ ላይ የሚያወጣ ማሽን። አሁን ሌላም ብዙ ነገር ያመዛዝናል፣ መሠረቱ ግን ይሄ ነው። ስለዚህ አንቺ የምትጽፊው ቃል መልሱን የሚያውቀው ሰው ገጹ ላይ የጻፈው ቃል ቢሆን ይመረጣል። «ነቀዘብኝ ምን ላድርግ» ብሎ የሚጽፍ የግብርና ባለሙያ የለም። እሱ የሚጽፈው «የእህል ማከማቻ»፣ «የጎተራ ተባይ»፣ «ከምርት በኋላ የሚደርስ ብክነት» ብሎ ነው። ከመጻፍሽ በፊት ትንሽ ቆም በይ። ይሄን ነገር የሚያውቀው ማነው? የግብርና ሠራተኛ ነው? ሐኪም ነው? መካኒክ ነው? እሱ ወረቀት ላይ ቢያሰፍረው ምን ብሎ ያሰፍረው ነበር? እሱን ቃል ጻፊ።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ማሽላ»፣ «ማሽላዬ»፣ «በማሽላው»፣ «ከማሽላችን» ለኛ አንድ ነገር ነው። ለማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ የተለያየ ቃል ነው። ስለዚህ ከፊትም ከኋላም የተቀጠለውን አራግፊና ባዶውን ቃል ደርድሪ፦ ማሽላ ነቀዝ ማከማቻ። ዓረፍተ ነገር ባይሆን ግድ የለም። ሆሄውም እንደዚሁ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ» ይላል፣ ሁለቱም ገጽ አላቸው። ባንዱ ስታጪ በሌላው ሞክሪ።

ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ጥቂት ነው። ሕዝባችን ዕውቀቱን የሚያስቀምጠው ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቱብ ላይ ነው። ዝግ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለውን ጎግል አያየውም። ይሄ ያሳዝነኛል። የደሴ ሴቶች ስለ ንፍሮ የሚያውቁት ተጽፎ ቢቀመጥ ኖሮ አንቺ ይሄን ያህል አትንከራተቺም ነበር። በአማርኛ ቃሉን እየቀያየርሽ ሞክረሽ ካጣሽ፣ ዋና ዋናውን ቃል ስልክሽ ላይ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሚና በእሱ ፈልጊ። የሚመጣውን ገጽ መልሶ በአማርኛ ያሳይሻል። ትርጉሙ ሸካራ ነው፣ ለመረዳት ግን ይበቃል። ቁጥር ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ዋናውን ገጽ ከፍተሽ ቁጥሩን አመሳክሪ። ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ ይነበባል።

አሁን ወደ ንፍሮው እንምጣ። መልሱን ግማሹን አንቺው ይዘሽዋል። ሽምብራው አንድ ነው፣ ቦታው ይለያያል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ምን ይለያያል? ከፍታው። እንግዲያው ስለ ንፍሮ መጠየቅሽን ተዪና «ከፍታ ውሃ መፍያ ሙቀት» ብለሽ ጻፊ። ያኔ ነገሩ ይፈታል። ባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከዚያ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ከፍ ባልሽ ቁጥር ውሃውን የሚጫነው አየር ይሳሳል። ቀጥለሽ «የደሴ ከፍታ» በዪ፦ 2,500 ሜትር ገደማ። «የኮምቦልቻ ከፍታ»፦ 1,850 አካባቢ። በዚህ ስሌት አንቺ ቤት ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እህትሽ ጋ 94 አካባቢ። አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ብትጨምሪበት ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ከሰልሽን የሚበላው ይሄ ነው።

ግን እዚህ ላይ አትቁሚ። ሁለት ዲግሪ ጊዜውን ያረዝመዋል፣ ቀኑን ሙሉ ግን አያስውልም። ሌላ ምክንያት መኖር አለበት። «ጥራጥሬ ለምን አይበስልም» ብለሽ ፍለጋውን ቀጥዪ። ሁለት ነገር ይመጣልሻል። አንዱ ውሃው ነው፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ የጥራጥሬን ልጣጭ ያጠነክራል። ሌላው ሌሊቱን ሳይዘፈዘፍ መቀቀሉ ነው። ለእህትሽ ደውይና ትዘፈዝፈው እንደሆነ ጠይቂያት። ቆንጥር ቤኪንግ ሶዳ ውሃው ላይ ጣል ማድረግም ያለሰልሰዋል፣ ሲበዛ ግን ጣዕሙን ያበላሻል። ፕሬዠር ድስት ካለሽ ደግሞ ከፍታውን ትረሺዋለሽ፣ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።

ከዚህ አንድ ነገር ያዢ። ገጹ «40 ደቂቃ ቀቅሉ» ሲል የጻፈው ሰው የት ተቀምጦ ነው? ልጅሽ ያለችበት ጅዳ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። እዚያ ትክክል የሆነ ደቂቃ እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር አይሠራም። ማን ጻፈው ብቻ ሳይሆን ለየትኛው አገር ጻፈው ብለሽም ጠይቂ። ስለ አዝርዕት፣ ስለ ዝናብ ወቅት፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ሕግ ስትፈልጊም ያው ነው።

ማሽላውን በተመለከተ፣ ኪኒኑን ስላልገዛሽ ከልቤ አመሰግንሻለሁ። ይሄን ለአንባቢው ሁሉ ነው የምለው። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ላይ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፣ ሰውንም ይገድላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው የሚተኛበት ክፍል ይቅርና አጠገቡ ያለ ክፍል ውስጥም መቀመጥ የለበትም። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ በጭራሽ።

ይሄን በፍለጋ እንዴት ታገኚዋለሽ? «የነቀዝ ኪኒን» ካልሽ ሻጩ ይመጣል፣ ሥራው ነው። ማሸጊያው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ውሰጂና ከጎኑ «መመረዝ» ወይም «አደጋ» የሚል ቃል ጨምሪበት። ሻጭ የራሱን ዕቃ አደጋ አስፍቶ አይጽፍም። ያቺን ቃል ስትጨምሪ ሻጮቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የጻፉት ወደ ላይ ይወጣል። ለመዋቢያ ቅባትም፣ ለማወፈሪያ ኪኒንም፣ ገንዘብ ላክ ለሚል ሁሉ ይቺን ተጠቀሚባት።

ከዚያ አማራጩን ፈልጊ፦ ማሽላ ማከማቻ ያለ ኬሚካል። አየር የማያስገባ ከረጢት የሚባል ታገኚያለሽ። ፒክስ በሚል ስም የታወቀው አለ። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ የጀመሩት ነው፣ አገራችንም ገብቷል። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከውጭ ጆንያ ነው። ሦስቱንም ለየብቻ ጠምዝዘሽ ጥብቅ አድርገሽ ታስሪያለሽ። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ይሞታል። መርዝ የሚባል ነገር የለበትም።

እህሉ ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ይሻግታል። መድረቁን በጨው ታውቂዋለሽ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ማሽላና ደረቅ ጨው ጨምረሽ ክደኚውና ነቅንቂው። ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጪው። ጨዉ ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ላይ መልሺው። ጨዉ ሳይለጠፍ ወደ ታች ከወረደ ደርቋል። ከማሰርሽ በፊት ግን የነቀዘውን አበጥሪ፣ ንፊ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልሽ፣ ልጅሽ ጅዳ ስላለች ይጠቅምሻል ብዬ ነው። ከኩታበር የመጣች ልጅ የአረብ አገር ሥራ ማስታወቂያ ይዛ ሱቄ ገብታ ነበር። ቅድሚያ ክፍያ ልትልክ ነው፣ ፎርሙን አትምልኝ ትላለች። የኤጀንሲውን ስም ፈለግኩት፣ ምንም አልወጣም። ከዚያ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቼ ፈለግኩ። ያው ቁጥር በሌላ የኤጀንሲ ስም፣ በሌላ አገር ሥራ፣ በሌላ ገጽ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ስክሪኑን ወደሷ አዞርኩት። ቁጥሩን በጣቷ እየነካች ካስታወቂያዋ ጋር አስተያየችው። ገንዘቡን አልላከችም። የውጭ አገር ሥራ የሚመዘገበው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥርዓት በኩል ነው። ኤጀንሲ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ እዚያ መኖሩን እዩ።

ትምህርተ ጥቅሱን ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ አምጪው። ውስጡ ያስገባሽው ነገር ሳይበታተን እንዳለ ይፈለጋል። የማትፈልጊው ቃል ካለ ደግሞ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት አድርጊ፣ ምልክቱና ቃሉ መሃል ክፍተት ሳይኖር፦ ማሽላ ነቀዝ -ሽያጭ።

ናቲ፣ ኤአይ መጠየቁ ክፉ አይደለም፣ እኔም እጠይቀዋለሁ። ጎግልም አሁን አሁን ከላይ የራሱን ማጠቃለያ ያወጣል። ግን ሁለቱም ሲሳሳቱ ድምፃቸው አይቀየርም። ምንጩን አሳየኝ በሉት፣ ምንጩን ከፍታችሁ አንብቡ። ልጅ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ምን ይቀመጥ የሚል ጥያቄ በማጠቃለያ አይወሰንም።

ፋርማሲስቷ (ኮምቦልቻ)

የኮፒ ቤቱ ወንድሜ ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። እኔ ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር።

መድኃኒት ስትፈልጉ በንግድ ስሙ ብቻ አትፈልጉ። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ዋና ስም ፈልጉ። ፓናዶል፣ ፓራሲታሞል፣ አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን የሚሉት አንድ መድኃኒት ነው። ከአረብ አገር የተላከላቸውን ፓናዶል ከዚህ ከገዙት ፓራሲታሞል ጋር ደርበው የሚወስዱ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ለጉንፋን የሚሸጡ ቅልቅሎችም ብዙዎቹ ውስጣቸው ያው ነው ያለው። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ባለ 500 ሚሊግራሙ ማለት 8 ፍሬ ነው። ካለፈ ጉበት ይጎዳል፣ ጉዳቱም ቶሎ አይታወቅም። የልጆች መጠን በክብደት ስለሆነ ከኢንተርኔት አንብባችሁ አትስጡ። ልጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ፣ ይመዘን።

ኤሌክትሪሺያን (ሐይቅ)

ለዕቃ ከሆነ ደግሞ «ጁስ መፍጫዬ አልሠራ አለ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። ዕቃውን ገልብጡት። ከሥሩ ወይም ከኋላው ትንሽ ሠሌዳ አለች፣ የሞዴል ቁጥሩ እሷ ላይ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ጻፉና ከጎኑ «ማኑዋል» በሉ። እዚያው ሠሌዳ ላይ ቮልቱን እዩ። የኛ አገር መብራት 220 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። መጻፍ ለሚከብደው ሰው የጎግል ሌንስ ካሜራ አለ፣ ሠሌዳዋን ፎቶ ሲያነሱለት ቁጥሩን ራሱ ያነባል።

ኡሙ ሀያት (ደሴ)

ኧረ አላህ ይስጣችሁ! ሁላችሁንም። እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

«ከፍታ ውሃ መፍያ» ብዬ ጻፍኩና እውነትም መጣልኝ። እህቴን ደወልኩላት። ከማታ ነው የምትዘፈዝፈው፣ ነግራኝም አታውቅ። ማሽላውን ከክፍሉ አስወጥቼዋለሁ፣ የጨዉን ነገር ነገ አየዋለሁ። ለጎረቤቴም ስለ ኪኒኑ ያልከውን አነበብኩላት። እሷም ቤት አስቀምጣ ኖሮ ደንግጣለች፣ ምን ታድርገው?

ሌላም አለኝ፣ አትሰልቹኝ። እኔ ጋ ላለው ለልጅ ልጄ ፓስፖርት ልናወጣለት አስበናል። ክፍያውን ስፈልግ አንዱ ገጽ አንድ ዋጋ ይላል፣ ሌላው ሌላ። የቱን ልመን?

የኮፒ ቤቱ

እህቴ፣ መጀመሪያ ጎረቤትሽን። ኪኒኑ ማሸጊያው ሳይከፈት ያለ ከሆነ ውሃ የማይደርስበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት ውጭ ታስቀምጠው። ሽንት ቤት ወይም ውሃ ውስጥ እንዳትጥለው፣ እርጥበት ሲያገኝ ነው ጋዙ የሚወጣው። አወጋገዱን የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ትጠይቅ። ጆንያ ውስጥ ጨምራው ከሆነ ግን ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ እሷም ጆንያውን ልክፈት፣ ላውጣው ብላ እንዳትገባ፣ ባለሙያ ይጥሩ። ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም የትንፋሽ እጥረት ያለበት ሰው ካለ ዛሬውኑ ሆስፒታል፣ የኪኒኑን ስም ይዘው።

ፓስፖርቱን በተመለከተ፣ ዋጋው የተለያየብሽ ገጾቹ የተጻፉበት ጊዜ ስለሚለያይ ነው። ክፍያው በቅርብ ዓመታት ተቀይሯል፣ የድሮውን የጻፈ ገጽ ግን አልጠፋም፣ እዚያው ተቀምጧል። ከውጤቶቹ በላይ የፍለጋ መሣሪያ የሚል አለ፣ እሱን ነክተሽ ባለፈው አንድ ዓመት የተጻፈውን ብቻ አሳየኝ በዪው። ዓመተ ምሕረቱንም ልብ በይ። «2017» የሚል ገጽ በኛ ከሆነ ቅርብ ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ብዙ ዓመት ያለፈበት ነው። ገጹ የጠቀሰው ወር መስከረም ነው ወይስ ሴፕቴምበር፣ ከዚያ ትለዪዋለሽ።

ዋናው ግን ይሄ ነው። የመንግሥት ክፍያ ከመንግሥት ገጽ ብቻ ይወሰድ። ፓስፖርት የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። የኛ አገር መንግሥት ገጽ አድራሻው ጂኦቪ ነጥብ ኢቲ (gov.et) በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ያልቃል። ከላይ የመጡት ገጾች አናት ላይ «ስፖንሰርድ» የሚል ጽሑፍ ካየሽ ተከፍሎበት የወጣ ማስታወቂያ ነው፣ እለፊው። «በአስቸኳይ እናስጨርሳለን» ብሎ በግል ስልክ ቁጥር ብር ላኩ የሚል ከሆነ ዝጊው። ግራ የሚያጋባሽ ገጽ ካጋጠመሽ ስክሪንሾት አንሺና የልጁን ስምና የልደት ቀን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው። ማታ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ እገባለሁ።